ሎካል ነን፤ እናስ?

እኛ ነቀምቴ ነን። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አፋችን ከመልመዷ የተነሳ የሰው ቋንቋ መሆኗን ረስተነዋል፦ ሎካል!

ነገሩ የተነሳው ካፌ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ምን እንብላ ስንባባል፣ ኡኬ ተወልዳ ያደገችው ጓደኛችን «አንጮቴ ቢኖር» አለች። (ለማታውቁት፣ አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ስር ነው። ተቀቅሎ በቅቤ ሲቀርብ እንዴት እንደሚጣፍጥ የወለጋ ሰው ይንገራችሁ።) የነቀምቴዋ ልጅ ቀበል አድርጋ «ውይ፣ ሎካል አትሁኚ!» ሁላችንም ሳቅን። የኡኬዋ ልጅ በርገር አዘዘች። ግማሹን ትታው ተነሳች።

ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣችው ጓደኛችን ግን የነቀምቴዋን ልጅ አልማረቻትም። «አንቺስ ቦሌ ስትመጪ ምን የምትባዪ ይመስልሻል?» አለቻት። ቆይታ ደግሞ ከዋሽንግተን የመጣ ያክስቷ ልጅ እሷኑ ሎካል እንዳላት ነገረችን። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ኡኬ ለነቀምቴ ሎካል ናት፤ ነቀምቴ ለአዲስ አበባ፤ አዲስ አበባ ለዋሽንግተን። ሁሉም ከላይ የተሰደበውን ወደ ታች ያቀብላል።

ጋዜጠኝነት ተምረናልና ቃሏ ከየት መጣች ብለን መዝገበ ቃላት ገለጥን። ስሯ ላቲን ነው። «ሎከስ» ማለት ቦታ ነው። ሎካል ማለትም «የቦታው» ማለት ነው፤ አለቀ! ሐኪም «ሎካል ማደንዘዣ» ሲል አንድ ቦታ ብቻ የሚያደነዝዘውን ማለቱ ነው። እንግሊዞች የሰፈራቸውን መጠጥ ቤት በፍቅር የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው «ሎካቮር» የሚለውን ነበር፤ በአካባቢው የተመረተውን መብላት የሚመርጥ ሰው ማለት ነው። አያችሁ? የኡኬዋ ልጅ አንጮቴዋን አሜሪካ ሆና ብትፈልግ ዘመናዊ ትባል ነበር! እኛም እኮ በየቀኑ «ሎኬሽን ላኪልን» እንባባላለን፤ ስሩ አንድ ነው። ሎኬሽን ያለው ሰው ሁሉ ሎካል ነው።

ታዲያ ማን ስድብ አደረጋት? እንግሊዝኛውን አንክሰሰው። ይህንን በራሳችን ቋንቋም ሠርተነዋል። «ባላገር» ሲተነተን ባለ አገር ነው፤ አገር ያለው ሰው። ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ? ከተሜው ግን መሳቂያ አደረገው። በአንጻሩ «አራዳ» የአዲስ አበባ የድሮ ገበያና ሰፈር ስም ነው። የአንዱ ሰፈር ስም ሙገሳ ሲሆን የሌላው ሰፈር ልጅ መሆን ስድብ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? አራዳም እኮ ሎካል ነው!

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ግን ዋጋ ያስከፍላል። እዚሁ የተሰፋ ጫማ «ሎካል ነው» ሲባል ዋጋው ይወርዳል፤ ሰፊውም የራሱን ሥራ በውጭ አገር ስም ለመሸጥ ይገደዳል። ከገጠር የመጣ ተማሪ አነጋገሩ እንዳይሳቅበት ፈርቶ መልሱን እያወቀው እጁን አያወጣም። እኛም ከዚያች ቅዳሜ በፊት ስንቴ እንደሳቅን አልቆጠርነውም።

በሌላ በኩል የወለጋን ቡና ተመልከቱ። በዓለም ገበያ የሚጠራው «ለቀምቲ» ተብሎ ነው፤ የኛይቱ ነቀምቴ ናት። ኢትዮጵያ በይርጋጨፌ፣ በሲዳሞና በሐረር ስሞች ጉዳይ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. የተስማማችውስ ለምንድን ነው? የቦታ ስም ገንዘብ ስለሆነ ነዋ! ቡናው በቦታው ስም ሲኮራ የቡናው አገር ልጅ በቦታዋ የምታፍርበት ምክንያት አልገባንም።

ታዲያ ምን እንበል? ያሰብነውን በስሙ እንጥራው። ዕቃው ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ «ጥራት የለውም» እንበል። ርካሽ ከሆነ «ርካሽ ነው»፤ ርካሽነት ነውር አይደለም። እዚሁ ከተሠራ «የአገር ውስጥ»፣ ከአያቶቻችን ከወረስነው «አገር በቀል» አለልን። ሰውየው ጨዋነት ከጎደለው «ባለጌ» የሚል ቃል ድሮም አላጣንም። ከተማው አዲስ የሆነበትን ሰው ደግሞ «እንግዳ» እንበለው፤ እንግዳ ወንበር ይለቀቅለታል እንጂ አይሳቅበትም። ከመንደራችን የመጣውንማ «ያገሬ ልጅ» ነው የምንለው። «አገር» የሚለው ቃል፣ ልክ እንደ ኦሮምኛው «ቢያ»፣ ኢትዮጵያንም መንደራችንንም ይጠራል። አንዱን ለማክበር ሌላውን መናቅ አያስፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያው ካፌ ተመለስንና በአንድ ድምፅ «አንጮቴ!» አልን። አስተናጋጁ ሳቀብን፤ «እሱን ቤታችሁ ብሉ» አለን። በርገሩ ግን አለ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ኡኬ እንሄዳለን፤ የጓደኛችን እናት ሊያበሉን ቃል ገብተዋል። ሎኬሽኑን ትልክልናለች።

ቸር ይግጠመን!