ክብደትን ቀንሶ መሮጥ፦ ከማሽኑ በፊት መርሁን እንወቅ

የጉራጌ ምድር ለሀገራችን አትሌቲክስ ባዕድ አይደለም። የዚሁ አካባቢ ተወላጅ የሆነው ሰለሞን ባረጋ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተካሄደው የኦሊምፒክ ውድድር 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ ሮጦ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤት ሆኗል። ዛሬም በመስቃን፣ በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ዙሪያ ማለዳ ተነስተው በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ ወጣቶች ይታያሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ቅልጥሙን ወይም የተረከዝ ጅማቱን ባመመው ጊዜ በፊቱ የሚቀርቡለት አማራጮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሕመሙን ችሎ መሮጥ፣ አለዚያም ሩጫውን እርግፍ አድርጎ መተው። የመጀመሪያው ጉዳቱን ያባብሳል። ሁለተኛው ደግሞ በብዙ ወራት ልፋት የተገነባውን ብቃት ያፈርሳል። በእኛ እምነት ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም እንቅስቃሴውን ሳያቋርጡ እግር የሚሸከመውን ክብደት መቀነስ ነው።

ለመሆኑ እግራችን ምን ያህል ይሸከማል?

መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሯጭ ክብደቱ ወደ 590 ኒውተን ይደርሳል። በሚሮጥበት ጊዜ ግን እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር መሬት የምትመልስለት የአጸፋ ኃይል ከክብደቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ እያንዳንዱ እግር ይህን ጫና በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይቀበላል። አጥንትና ጅማት ለማገገም በቂ ጊዜ ሳያገኙ ጫናው ከተደራረበ ስንጥቅ ወይም ቁስለት ይከተላል።

ይህን ጫና ለመቀነስ በበለጸጉት ሀገሮች በሥራ ላይ የዋለው መሣሪያ በአየር ግፊት የሚሠራ ትሬድሚል ነው። የአሳቡ መነሻ የሚያስገርም ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሕዋ ምርምር ድርጅት በናሳ የኤምስ ማዕከል ይሠራ የነበረው ሮበርት ዌለን ይፈልግ የነበረው ተቃራኒውን ነበር፤ በሕዋ ላይ የሚንሳፈፉትን ጠፈርተኞች በአየር ግፊት ልዩነት ወደ መሮጫው በመጫን አጥንታቸውና ጡንቻቸው እንዳይሳሳ ማድረግ። ልጁ ሾን ዌለን ይህንኑ አሳብ ገልብጦ በምድር ላይ ያለውን ሰው ወደ ላይ ለማንሳት አዋለው። አልተርጂ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ መሠረት ተቋቋመ።

አሠራሩ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አይርቅም። ሯጩ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ መሮጫውን ከሸፈነው አየር የማያስወጣ ከረጢት ጋር በወገቡ ላይ ይያያዛል። ከዚያም በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል። ኃይል ማለት ግፊት ሲባዛ በስፋት መሆኑን እናስታውስ። በወገቡ ዙሪያ ግፊቱ የሚያርፍበት ስፋት 0.06 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ የ2,000 ፓስካል የግፊት ልዩነት 120 ኒውተን ወደ ላይ ያነሳል። ይህም የሯጩ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በቡታጅራ የከባቢ አየር ግፊት ወደ 79,000 ፓስካል ስለሚጠጋ፣ የተጨመረው ከመቶ 3 እጅ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው ግፊቱን ከዚህም በላይ ከፍ በማድረግ እግር የሚሸከመውን ክብደት እስከ 20 በመቶ ድረስ ሊያወርደው ይችላል።

የማይቀነሰውስ?

መሣሪያው በተለምዶ «ጸረ ስበት» ይባላል። ይህ ስያሜ ግን ያሳስታል። የመሬት ስበት እንዳለ ነው። የሯጩም መጠነ ቁስ አልተለወጠም። ስለሆነም ፍጥነቱን ለመጨመርም ሆነ ለመግታት የሚያስፈልገው ኃይል አልቀነሰም። በአየር ላይ የሚወናጨፈው እግርም የራሱን ክብደት እንደያዘ ነው። በሌላ በኩል በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው የሚጠቀመው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ልቡንና ሳንባውን እንደ ቀድሞው ለማሠራት ፍጥነቱን መጨመር ይኖርበታል።

ከዚህ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው አጥንት ጫናን የሚፈልግ መሆኑ ነው። ጠፈርተኞች በሕዋ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ከዳሌ አጥንታቸው ማዕድን ከመቶ 1 እስከ 1.5 እጅ ያህል ያጣሉ። ስለዚህ ክብደትን መቀነስ በራሱ ፈውስ አይደለም። ጥቅሙ ጫናውን ለክቶ ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ሙሉው ለመመለስ ማስቻሉ ነው።

«አባቶቻችን ያለዚህ ሁሉ አሸንፈዋል» የሚሉ ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፤ አሸንፈዋል። ነገር ግን የምንቆጥረው ያሸነፉትን እንጂ በጉዳት ምክንያት ከመንገድ የቀሩትን አይደለም። በዚያን ጊዜ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰኖች ባለቤት የነበረው ቀነኒሳ በቀለ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ በደረሰበት የባት ጡንቻ ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከትራክ ርቋል። በነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ የ10,000 ሜትሩን ውድድር አቋርጦ ወጣ። በመስከረም ወር በብራሰልስ ግን በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። እርሱ ስምና ሐኪም ነበረው። ስም ያላወጣው የመስቃን ወጣት ተመሳሳይ ጉዳት ቢደርስበት ማን ይጠብቀዋል?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የማሽኑ ዋጋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በመሆኑ ለየከተማው ይገዛ ማለት ከንቱ ምኞት ነው። መርሁ ግን አይሸጥም፤ አይገዛምም። በወገብ ልክ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው። ደረቱ ድረስ ሲገባ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። መዋኛ ገንዳ ባለበት ሁሉ የአርኪሜደስ ሕግ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ገንዳ በሌለበት ብስክሌት አለ፤ ክብደቱን ኮርቻው ይሸከማል፣ ልብና ሳንባ ግን ሥራቸውን አያቋርጡም። አቀበትም አለ። ዳገት ሲወጡ እግር መሬት ሲያርፍ የሚደርስበት ምት ከሜዳው ያነሰ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን የበዛ ነው። ስለዚህ ከጉዳት በማገገም ላይ ያለ ሯጭ በምዕራብ በኩል የሚታዩትን የጉራጌ ተራሮች ተዳፋት በሩጫ ወጥቶ በመኪና ቢወርድ ስንፍና አይደለም፤ ስሌት ነው። ተረከዙን ያመመው ግን ዳገት ጅማቱን ይበልጥ ስለሚወጥረው ከዚህ መቆጠብ አለበት።

ከዚህም አልፎ በዩኒቨርሲቲና በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ወርክሾፖች ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ሯጩን በመታጠቂያ ከላይ የሚያንጠለጥል የላስቲክ ድጋፍ። ለምን በመዘውር ላይ የታሰረ ድንጋይ አይሆንም? ሯጩ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ድንጋዩም አብሮ መፍጠንና መዘግየት ስለሚኖርበት ገመዱን ያንገጫግጨዋል። 120 ኒውተን ለመስጠት አንድ ሜትር የሚለጠጥ ረጅም ላስቲክ ግን ሯጩ በ8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ቢል ኃይሉ የሚለዋወጠው ከ10 ኒውተን ባነሰ ብቻ ነው። ይህ ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚበቃ ጥያቄ ነው። እርግጥ የመታጠቂያው ጥንካሬ አስቀድሞ ሊፈተሽ፣ የጉዳቱም ዓይነት በሐኪምና በፊዚዮቴራፒስት ሊለይ ይገባል። ስንጥቅ ያለበትን አጥንት ወጌሻም ሆነ የፊዚክስ መምህር ሊገምተው አይችልም።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከአካባቢው ሯጮች በቅርብ ርቀት ይገኛል። በቡታጅራም ሆስፒታል አለ። የሚጎድለው ገንዘብ ከመሆኑ በፊት መነጋገር ነው እንላለን። አሠልጣኙ የሯጩን ሕመም ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ የሚፈቀደውን የጫና መጠን ለመሐንዲሱ ቢነግረው፣ የቀረውን የኒውተን ሕጎች ይሠሩታል። ውድ ተማሪዎች፣ በመማሪያ መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለችው «ኃይል = ግፊት × ስፋት» የምትል አጭር ቀመር የአንድን ወጣት እግር ልታድን እንደምትችል ተገንዝባችሁ፣ በቀጣዩ የፕሮጀክት ሥራችሁ አስቡበት።