ጎርጎራ ላይ የቀረው ግንብ

አንባብያን ሆይ፥ ባሕር ዳር ደርሳችሁ እንደ ሆነ ጀልባው ወደ ዘጌ ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል ሳይወስዳችሁ አልቀረም። መልካም ነው። ነገር ግን ጣናን ወደ ሰሜን አቋርጦ ጎርጎራ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ከዚያም አልፎ ማርያም ግንብ የሚባለውን ፍርስራሽ ለማየት የሚደክመው ከዚያም ያንሳል።

ይህ ግንብ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ካቶሊክ ሲባል በፖስታ ካርድ ያያችሁት ሹል ቅስትና ወደ ሰማይ የሚመዘዝ የደወል ቤት ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ያ ጎቲክ የሚባለው ነው፤ አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና አንሥተውት ሚሲዮኖች በየአገሩ አሠሩበት። የጎርጎራው ግን ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል። ቅስቱ ክብ ነው፤ በተጠረበው ድንጋይ ላይ የተቀረጹት አበቦችም የአውሮፓ ሕዳሴ ጥበብ በህንድ በጎዋ በኩል ዞሮ የመጣ መሆኑን ይናገራሉ።

ብዙ ሰው የጴድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይላል። ይህ ስፓኛዊ ኢየሱሳዊ ወደ አገራችን ሲመጣ በ1589 (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ተነሥቶ በመንገድ ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ። ተስፋ ሳይቈርጥ በ1603 ገባ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ፤ ለአፄ ሱስንዮስም ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤት ሠራ። ነገር ግን በ1622 ስለ ሞተ፥ ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ በኋላ የቆመ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ኖራው ነው። በዚያ ዘመን ድንጋዩን የሚያያይዘው አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ ነበርና፥ ኖራ አቃጥሎ ከአሸዋ ጋር መለወስ ለግንበኛው ታላቅ ነገር ሆነለት።

የግንቡ ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ከመጣ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ ተባለ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። አገር ተነሣ፤ በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቈጠር ገበሬ አለቀ። ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ ዐወጀና ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጣቸው።

ኖራውን ግን አላስወጣውም። ከ1636 ጀምሮ ጎንደር ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት በኖራ የተገነባ ነው። ፋሲል ግቢን ጐብኝታችሁ በፖርቱጋሎች ሥራ ነው ወይስ በኢትዮጵያውያን ብላችሁ የተከራከራችሁ ተማሪዎች፥ ክርክሩን ጎርጎራን ካያችሁ በኋላ ብትቀጥሉት ይሻላል።

ከ2006 ጀምሮ ከማድሪድ የመጡ አርኪዎሎጂስቶች ስፍራውን ቈፍረው መርምረዋል። ክረምቱና የዛፉ ሥር ግን ለምርምር አይጠብቁም። ስለዚህ የምትሄዱ ብትሆኑ ግድግዳው ላይ አትውጡ፤ አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ ወድቆ ብታገኙም ፎቶግራፍ አንሡና እዚያው ተዉት።