ኳሱና ኪሱ

በአሜሪካ አንዳንድ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኙ ሰምተው ይሆናል። በአነስተኞቹ ኮሌጆች ዘንድ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ከመግቢያ ትኬት የሚገኘው ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም። ታዲያ ቡድን ለምን ያቋቁማሉ? ሦስተኛ ዲቪዚዮን የተባሉት ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ስኮላርሺፕ መስጠት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ለመጫወት ብሎ የመጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርቱ ይከፍላል። ጥቅማቸው ይኸው ነው።

ተማሪ የማይስብ ቡድን ሲሆን ግን፣ ጉድለቱን የሚሞላው ሜዳ ረግጦ የማያውቀው ተማሪ ነው። በአትላንታ የሚገኘው የስፔልማን የሴቶች ኮሌጅ ይህን መረመረ፤ ከ2,100 ያህል ተማሪዎቹ መካከል ለ80 ያህል ስፖርተኞች ብቻ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይመድብ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኮሌጆች ውድድር ወጣና ገንዘቡን ለተማሪዎቹ ሁሉ ጤንነትና የሰውነት ማጠንከሪያ አዋለው።

ስለዚህ ዋንጫ ከመቍጠር በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ ቡድኑ ባይኖር ኖሮ የማይመጣው ተማሪ ስንት ነው? ገንዘቡስ ስንቱን ልጅ ያሯሩጣል? የሁለቱም መልስ «ጥቂት» ከሆነ፣ ቡድኑን መዝጋት ስፖርትን መጥላት አይደለም።