ደንባራው ፈረስ፤ ቃጭሉን ማን አሰረበት?

«ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮባት» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንተርተው ግን ሁሌም የምንስቀው በበቅሎዋ ነው። ቃጭሉን ማን አሰረባት ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኔ ጠብ ከዚያ ካሰረው እጅ ጋር ነው።

መቂን የሚያውቅ ጋሪዋን ያውቃል። ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ያጓራል፤ ባጃጅ በየመታጠፊያው ይሹለከለካል፤ በዚያ ሁሉ መሃል ሰውም ዕቃም በፈረስ ጋሪ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ፈረስ በርግጎ ጋሪ ሲገለብጥ ፍርዱ ባንድ ቃል ያልቃል፦ «ደንባራ ነው!» መድኃኒቱም ወዲያው ይታዘዛል፦ አለንጋ።

ውሸት ነው። ጥፋቱ ፈረሱ ላይ ሳይሆን በተገራበት መንገድ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን ከፈረሱ በኩል እንየው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ የሚተርፈው በመሮጥ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ቀጥታ ከኋላውና ግንባሩ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ጋሪው የት ነው የሚታሰረው? እዚያው በማያየው ቦታ! ሜዳ ላይ ሣር እየጋጠ ያደገ ፈረስ ከገበያ ተገዝቶ ይመጣና፣ በማግስቱ የሚንኳኳና በሮጠ ቁጥር አብሮት የሚሮጥ ነገር ከኋላው ይታሰርበታል። ሲደነግጥ ደግሞ ይገረፋል። የሚያስፈራው ነገር ከኋላ፣ ዱላውም ከኋላ። ታዲያ ምን ተማረ? መፍራቱ ልክ እንደነበር ተማረ።

ሌላ መንገድ አለ፤ በረጅም ዛብ መንዳት። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ሜዳና እያንዳንዳቸው 7 ወይም 8 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ገመዶች ናቸው። ፈረሱ መጀመሪያ አፉ ውስጥ ብረት ሳይገባ፣ በልባብ ብቻ በድምፅ መሄድና መቆም ይለምዳል። ከዚያ ገመዱ ጎኑን፣ ጭኑን፣ የኋላ እግሩን በቀስታ ይነካዋል፤ ሲረጋጋ ይነሳለታል። ቀጥሎ ሁለቱ ዛቦች ወገቡ ላይ በታሰረው ጠፍር ቀለበቶች አልፈው ወደ ኋላ ይመጣሉ። አንድ ሰው አንገቱ ጋ ይሆናል፤ ነጂው ርግጫ ከማይደርስበት ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ይከተላል። ዛብ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ፈረሱ ከሮጠ ሰው ይጎትታል። ፈረሱ እንደታዘዘ ዛቡ ይላላል፤ ሽልማቱ እሱ ነው። ከቀናት በኋላ ሌላ ሰው አሮጌ ጎማ እየጎተተ በአጠገቡ ያልፋል፤ ሲለምደው ራሱ ይጎትተዋል። ባዶ ጋሪም በሰው እየተገፋ አብሮት ይሄዳል። ጋሪው የሚታሰርበት መጨረሻ ላይ ነው።

«ድሃ ለዚህ ጊዜ የለውም» ትሉኛላችሁ። እንቁጠረው። በቀን 20 ደቂቃ ለ14 ቀን 280 ደቂቃ ነው፤ 5 ሰዓት አይሞላም። የፈራ ፈረስ ተጨማሪ ቀን ቢፈልግ እንኳ፣ አንድ የተሰበረ ጋሪ ወይም አንድ የተሰበረ እግር ከዚህ የበለጠ ቀን ይበላል። ደግሞስ የማን ጊዜ? የሰው ፈረስ እየነዳ ማታ ገቢ የሚያስረክብ ልጅ 14 ቀን ከየት ያመጣል? ያ ወጪ የባለቤቱ ነው። ፈረስ የገዛ ሰው መግሪያውንም አብሮ ይግዛ።

«አባቶቻችን በዱላ ነው የገሩት» የሚሉም አሉ። አባቶቻችን? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የፈረስ ስም ክብር በነበረበት አገር ዛሬ የጋሪው ፈረስ ስሙ «ሂድ!» ሆኗል። ግሪካዊው ዜኖፎንም ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ ተናድደህ ወደ ፈረስ አትቅረብ ብሎ መክሯል። ጸሐፊው ወታደር እንጂ ለስላሳ ሰው አልነበረም።

እኛ ስልክ የያዝነውስ? የሚገረፍ ፈረስ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ «ጨካኝ» ብለን እንለጥፋለን፤ ሲረፍድብን ደግሞ አራት ሆነን ጋሪው ላይ ወጥተን «ኧረ ፍጠን በለው!» እንላለን። ነጂው አለንጋውን የሚያነሳው እኛ ስንጮህ ነው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሐኪም ቁስል ያክማል፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የገባን ፍርሃት ግን መርፌ አያወጣውም።

ስለዚህ ጋሪ ላይ ስትወጡ አታስቸኩሉ፤ ፈረሱ ከፈራ ውረዱና ሒሳቡን ክፈሉ። ፈረስ የገዛችሁ ደግሞ ጋሪውን ግቢ ውስጥ አቁሙት። ነገ በጠዋት፣ ባጃጁ ሳይነሳ፣ ሁለት ገመድ ይዛችሁ ሽንኩርት የተነሳለት ማሳ ላይ ውጡ።