የዓይን ምቾት በልኬት ይቅረብ



ባለፈው እትማችሁ ስለ ምናባዊ እውነታ (ቪአር) መነጽሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩ። የምስሉ ጥራት፣ የባትሪው ዕድሜ፣ ክብደቱ ሁሉ በቁጥር ቀርቧል። የሚለብሰውን ሰው ዓይን በተመለከተ ግን «ምቹ ነው» ከማለት በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ዓይን እየመረመርኩ መነጽር የማዝ ባለሙያ ነኝ፤ ምቾትም እንደ ባትሪው ሊለካ እንደሚችል፣ መለካትም እንዳለበት ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ቅርብ ነገር ስናይ ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ አፍንጫችን ዞር ይላሉ፤ በዚያው ቅጽበት በውስጣቸው ያለው ሌንስ ለዚያ ርቀት ቅርጹን ያስተካክላል። ሁለቱ ተግባራት የተሳሰሩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይስበዋል። ቪአር መነጽር የሚያሳየው ባለ ሦስት አውታር (ስሪዲ) ምስል ግን ይህን ትስስር ያውከዋል። ምስሉ እጃችን ድረስ የመጣ መስሎ ሲታይ ዓይኖቻችን ይከተሉታል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ግን ከቦታው ካልተነቃነቀ ስክሪን ስለሆነ ሌንሱ በዚያው ርቀት ላይ ለመቆየት ይገደዳል። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ባንክስና ባልደረቦቹ ሁለቱን ርቀቶች ሊያገጣጥም የሚችል ማሳያ ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ርቀቶቹ ሲገጣጠሙ ተመልካቾቹ ጥልቀትን ፈጥነው እንደለዩና ድካማቸውም እንደቀነሰ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ድካሙን በተመልካቹ ማሳበብ ተገቢ አይመስለኝም።

በዘርፉ ምቾት ማጣትን ለመለካት በስፋት የሚሠራበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለበረራ ማሠልጠኛ ሲሙሌተሮች የወጣው ባለ 16 ምልክት መጠይቅ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን መድከም እያለ ይጠይቃል። ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቻይ ሰው እያመመው «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሕፃን ልጅም የተሰማውን መግለጽ ያቅተዋል። ስለዚህ ዓይኖቹ እስከ ምን ያህል ቅርበት ተጣምረው እንደሚያዩ፣ ትኩረታቸውን ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው መነጽሩ ከመጠለቁ በፊትና ከወለቀ በኋላ ይለካ። በማስመሪያና በጥቂት ሌንሶች የሚሠራ የዘወትር ምርመራ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የብሌኖች ርቀት ነገር ነው። በእኛ ሙያ የሁለቱን ብሌኖች ርቀት ሳይለካ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ሥራውን ቢተው ይሻለዋል። የአብዛኞቹ አዋቂዎች ርቀት ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይለያያል፤ ኩዌስት 2 የተባለው ቪአር መነጽር ግን በሦስት ማስተካከያ ብቻ ነው የተሸጠው፤ 58፣ 63 እና 68። ተመራማሪዋ ኬይ ስታኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴቶችን በቪአር መነጽር ይበልጥ ለሕመም የዳረጋቸው ዋና ምክንያት የሌንሶቹ ርቀት ከዓይናቸው ጋር አለመገጣጠሙ ሆኖ ተገኝቷል።

ስሪዲ ዓይን ያጠፋል እያልኩ አይደለም። የፈረንሳዩ የጤና ደኅንነት ተቋም አንሰስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳያዩት የመከረው ግን እይታቸው ገና እያደገ ስለሆነ ነው፤ ወላጆች ይህን ማወቅ አለባቸው።

በሱቅ ውስጥ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ድካምን አያሳይም። በሚቀጥለው ግምገማችሁ የሌንሶቹን የርቀት ክልል አትሙልን፤ መሣሪያውን ለአንድ ሰዓት የተጠቀሙ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎችን የዓይን ልኬትም ከሙከራው በፊትና በኋላ ወስዳችሁ አቅርቡልን። ፈቃዳችሁ ከሆነ መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

የዓይን ምርመራ ባለሙያ፣ ከጎንደር