ላስ ቬጋስ ለማን ነው?

ከበርክ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በኤፕሪል ላስ ቬጋስ ወደሚካሄደው የብሮድካስተሮች ጉባኤ ለመሄድ የሚያስብ የአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጅ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ገበያው የተዘረጋው ለማን ነው? በአዳራሹ የሚሸጠው ማሰራጫ፣ አንቴናና የስቱዲዮ መሣሪያ ነው፤ ገዢውም የጣቢያ ባለቤት። የአካባቢው የአማርኛ ፕሮግራሞች ግን በአመዛኙ የአየር ሰዓት ከሌላ ጣቢያ እየተከራዩ የኖሩ ናቸው። ቤት ተከራይ ቆርቆሮ ሊገዛ ገበያ አይወጣም።

«ሰው ለመተዋወቅ ነው» የሚለው መከራከሪያም አያዛልቅም። ጉባኤውን የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ብሔራዊ ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም እንዲሁ። በሜትሮ የሚደረስበትን ደጅ ሳያንኳኩ አውሮፕላን መሳፈር ምን ይሉታል? አድማጩና ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ደግሞ በአንድ ሜዳ የሚገኙት በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በጁላይ በሚያዘጋጀው በዓል ላይ እንጂ በኔቫዳ በረሃ አይደለም።

የራሱን ጣቢያ ሊያቋቁም የቆረጠ ካለ ይሂድ፤ መሣሪያ ሳያዩ መግዛት ሞኝነት ነው። ለሌላው ግን የትኬቱና የሆቴሉ ሂሳብ ከአድማጭ መዋጮ የሚሸፈን ሊሆን ይችላል። ያ ገንዘብ የስንት ሳምንት የአየር ሰዓት ኪራይ እንደሚከፍል፣ አዘጋጁ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት በማይክሮፎኑ ለአድማጩ አስልቶ ይንገረው።