መዶሻው ይቆይ

ልጄ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ይመላለስባት የነበረችው ሞተር ሳይክል፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ሁለት ክረምት ደጅ ቆማለች። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሊያድሳት ፈታታት። ቴስታታው ወጣ፤ ሲሊንደሩ ግን ንቅንቅ አልል አለ። መዶሻ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። «ተው ልጄ፣ የሲሊንደሩ ክንፍ ከተሰበረ አይመለስም።»

ዝገት ፋሻዎቹን ከሲሊንደሩ ግድግዳ አጣብቋቸዋል፤ ከሥርም ጓርኒሲዮኑ ይዞታል። ከእሳት አርቀን፣ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለን ፒስቶኑ ላይ አፈሰስንበት፤ 3 ቀን ተውነው። እየጠበቅን ሳለ፣ ስለ አባቱ ጠይቆኝ የማያውቀውን ሁሉ ጠየቀኝ።

በአራተኛው ቀን እንጨት ደግፈን ዙሪያውን በቀስታ መታ መታ ስናደርገው ተላቀቀ። በካቻቢቴ ብንፈለቅቀው ኖሮ መቀመጫው ተቧጭሮ ዘይት ያፈስ ነበር።

ወላጆች፣ ለልጅ ቶሎ የማያልቅ ሥራ ስጡት፤ አብራችሁትም ተቀመጡ። ጥያቄው የሚመጣው ያኔ ነው።